«ጠግበው ነው» ለምንል ሁሉ

ይድረስ በብሪታንያ ለምትኖሩና ባቡር ለምትሳፈሩ ወገኖቼ በሙሉ

ውድ ወገኖቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

ባለፈው እሑድ አንዲት ወዳጃችን ቤት ቡና ተፈልቶ ተቀምጠን ሳለን የባቡር ሠራተኞች አድማ ወሬ ተነሣ። አንድ የማከብረው ወንድማችን ስኒውን እንኳ ሳያስቀምጥ «ጠግበው ነው» አለ። ሌሎቹም ተስማሙ። እኔ ዝም አልሁ። ቤቴ ስገባ ግን ዝምታዬ እንቅልፍ ነሣኝ። ይህችን ቃል ከዓመታት በፊት እኔው ራሴ፣ ከዚያ ወንድሜ በባሰ ምሬት፣ ተናግሬያታለሁ። ዛሬ ለምን እንደማልናገራት እዚያው ማስረዳት ሲገባኝ አልደፈርሁም። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ለዚህ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ዓ.ም. ካላልሁ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

እኔ አረጋውያንን በየቤታቸው እየዞርሁ የምንከባከብ፣ በሠራሁት ሰዓት ልክ የምከፈል ሠራተኛ ነኝ። ባቡር በሌለበት ቀን ለእኔ ሥራ የለም፤ ሥራ ከሌለ ክፍያ የለም። የብዙዎቻችን ኑሮ ይኸው ነው። ሆስፒታል የምታጸዱ፣ ሆቴል ውስጥ አልጋ የምታነጥፉ፣ መጋዘን ውስጥ ሌሊቱን ቆማችሁ የምታድሩ፣ ከቤት ሆናችሁ በኮምፒውተር ልትሠሩት የምትችሉት ሥራ አይደለም የያዛችሁት። በአንድ የአድማ ሰሞን ቁርሳቸውን ከእጄ የሚጠብቁ አንዲት የ91 ዓመት ባልቴት ዘንድ ለመድረስ ሦስት አውቶቡስ ቀያየርሁ። ስደርስ ረፍዶ ነበር፤ ሴትዮዋ ከአልጋቸው ሳይነሡ፣ አፋቸው ደርቆ አገኘኋቸው። «ጠግበው ነው» ያልሁት የዚያን ቀን ነው። እንግዲህ ቁጣችሁን በወሬ የማውቅ ሰው ሆኜ አይደለም የምጽፍላችሁ።

የአድማው ዋና ጉዳይ በባቡሩ ላይ ከሾፌሩ ሌላ በሮቹን የሚዘጋ ሠራተኛ ይኑር አይኑር የሚል ነው። ነገሩን ካወሳሰቡብን ምክንያቶች አንዱ ቃሉ ራሱ ይመስለኛል። እንግሊዞቹ ይህን ሠራተኛ «ጋርድ» ይሉታል። በእኛ ጆሮ ጋርድ ማለት ባንክ ወይም ሆቴል በር ላይ የሚቆም ጥበቃ ነው። ስለዚህ ዜናውን ስንሰማ ክርክሩ «ባቡር ላይ ዘበኛ ይኑር አይኑር» የሚል ይመስለናል። አይደለም። ከአገራችን ሥራ የሚቀርበው ረዳት ነው። ሾፌሩ ፊቱን ወደ መንገዱ አድርጎ ሲነዳ «ወራጅ አለ!» ስንል የሚሰማን፣ እማማ እግራቸውን ከመርገጫው ሳያነሡ መኪናው እንዳይንቀሳቀስ የሚያደርገው ረዳቱ ነው። ረዳቱ በቀረ ቀን በር አጠገብ የተቀመጠ ተሳፋሪ ተነሥቶ በሩን ሲከፍትና ሲዘጋ ሁላችንም አይተናል፤ በሩን የሚይዝ ሰው መኖር ስላለበት ነው።

የባቡሩ ጋርድ ሥራ ከዚህ ይሰፋል። በቆየው አሠራር በሮቹን የሚዘጋው እሱ ነው። ሌሎቹን በሮች ሁሉ ከዘጋ በኋላ የራሱን በር ክፍት አድርጎ ከዳር እስከ ዳር ፕላትፎርሙን ያያል። የተያዘ ሰው፣ የተያዘ ልብስ፣ ወደ ባቡሩ የሚሮጥ ሕፃን አለመኖሩን ሲያረጋግጥ ገብቶ የራሱን በር ይዘጋና ለሾፌሩ ደወል ይሰጣል። ሁለት ጊዜ ከደወለ «ተዘጋጅተናል፣ ሂድ» ማለት ነው፤ አንድ ጊዜ ከደወለ «ቁም»። ሾፌሩ ያንን ሁለት ደወል ሳይሰማ አይነቃነቅም። ከዚህ ሌላ አደጋ ሲደርስ ከኋላ የሚመጣ ባቡር እንዲቆም ማድረግ፣ የኤሌክትሪክ ኃይል የሚሄድበት ሐዲድ የቱ እንደሆነ ማወቅ፣ ተሳፋሪን በሰላም ማውረድ ተምሮና ተፈትኖ የያዘው ሥራ ነው። ቲኬት ማየቱ ከሥራው ሁሉ ትንሹ ነው፤ እኛ የምናየው ግን እሱን ብቻ ነው።

እኔም የማየው ያንኑ ብቻ ነበር፤ እናቴ ከድሬዳዋ ልትጠይቀኝ እስከመጣችበት ክረምት ድረስ። አንድ ቀን ከለንደን ወጣ ባለች ትንሽ ጣቢያ ከባቡር ወረድን። እናቴ ነጠላዋን በአንገቷ ዙሪያ አጣፍታ ነበር። እኔ ሻንጣ ይዤ ሁለት ሦስት እርምጃ እንደቀደምኋት በሩ ተዘጋ። ዞር ስል የነጠላዋ ጫፍ፣ ጥለቱ ያለበት፣ በሁለቱ የበር ክንፎች መካከል ቀርቷል። እናቴ አልጮኸችም። ምን እንደያዛት አልገባትም ነበር፤ አጥር ላይ እንደተያዘ ቀሚስ ቀስ አድርጋ ትስበው ጀመር። እኔ ሻንጣውን ጥዬ ስሮጥ፣ ከመጨረሻው ፉርጎ ደጃፍ ላይ ቆማ የነበረች ጋርድ ነጩን ነገር አይታ ኖሮ በሮቹን መልሳ ከፈተች። ከዚያም እስከ እኛ ድረስ እየሮጠች መጣች። ወጣት ልጅ ናት። እናቴ ትከሻዋን ይዛ በአማርኛ መረቀቻት። ልጅቷ አንዲት ቃል አልገባትም፤ ግን አላቋረጠቻትም፣ እስክትጨርስ ቆመችላት። ባቡሩ ምናልባት አንድ ደቂቃ ዘገየ።

የዚያን ምሽት ነው ስለዚህ ነገር ማንበብ የጀመርሁት። ያገኘሁት ነገር የበለጠ አስደነገጠኝ። የባቡር በሮች ዕንቅፋትን ይለያሉ፤ የሚለዩት ግን ወፈር ያለ ነገር ሲሆን ነው። ጣት፣ የቦርሳ ማንገቻ ወይም የነጠላ ጫፍ በጎማው ጠርዝ መካከል ሲቀር መሣሪያው በሩ እንደተዘጋ ሊቆጥረው ይችላል፤ ሾፌሩ ፊት ያለችው «ሁሉም በሮች ተዘግተዋል» የምትል መብራትም ትበራለች። በኤፕሪል 2015 ዌስት ዊካም ጣቢያ የአንዲት ተሳፋሪ የጀርባ ቦርሳ ማንገቻ በበር ተይዞ ባቡሩ ጎተታት፤ ከፕላትፎርሙ ወድቃ በጽኑ ተጎዳች። በዚያው ዓመት በጁላይ ሄይስ ኤንድ ሃርሊንግተን ጣቢያ ሌላዋ እጇ ተይዞ ተጎተተች። ሁለቱም ባቡሮች ጋርድ አልነበራቸውም። ሾፌሩ ራሱ በሩን ዘግቶ፣ ራሱ በካሜራ ምስል ፕላትፎርሙን አይቶ፣ ራሱ የሚነሣባቸው ነበሩ። ክርክሩ ሁሉ የሚሽከረከረው በዚህ አሠራር ዙሪያ ነው። እስከ 12 ፉርጎ የሚረዝም ባቡር ይዞ የቆመ አንድ ሰው በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ተደርድረው የሚታዩ ትንንሽ ምስሎችን ሁሉ ያያል፤ ከዚያ ዓይኑን ወደ ፊት መልሶ ምልክት መብራቱን ያነባል፤ ከዚያ ይነሣል። የእናቴን ነጭ ነጠላ ከእነዚያ ምስሎች በአንዱ ውስጥ አስቡት።

ይህን ስል አንድ ወገን ብቻ ይዘሻል እንዳትሉኝ ሌላውንም እንደማውቀው እናገራለሁ። ያለ ጋርድ ባቡር መንዳት አዲስ ነገር አይደለም፤ ከቤድፎርድ ወደ ለንደን በሚመጣው መስመር ከ1983 ጀምሮ የሚሠራበት ነው። የለንደን የምድር ውስጥ ባቡርም ከ2000 ወዲህ ጋርድ የለውም፤ ብዙዎቻችን በየቀኑ እንሳፈርበታለን። የአገሪቱ የባቡር ደኅንነት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በጃንዋሪ 2017 ባወጣው ሪፖርት ተገቢው መሣሪያ፣ አሠራርና የሠለጠነ ሰው ካለ ሾፌር ብቻውን በደኅና ሊያሠራ ይችላል ብሏል። ጋርድም ሰው ነውና ይሳሳታል። በኦክቶበር 2011 ሊቨርፑል ውስጥ ጄምስ ስትሪት ጣቢያ አንዲት የ16 ዓመት ልጅ ባቡሩን ተደግፋ ሳለች ጋርዱ ደወል ሰጠ፤ ልጅቷ ሞተች፤ ጋርዱም አምስት ዓመት እስራት ተፈረደበት። በሠራተኛ ማኅበር ስብሰባዎች ላይ ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ አይነሣም። ሊነሣ ይገባል፤ በሩን የያዘ ሰው የያዘው የሰው ነፍስ መሆኑን ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር የለም።

ነገር ግን የተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት መልስ የሰጠው ባቡሩ ጣቢያ ላይ ቆሞ ሲነሣ ለሚነሣው ጥያቄ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ከጣቢያ ርቆ ሲቆም ነው። በሜይ 2011 ኬንቲሽ ታውን አጠገብ በሰው የተሞላ ባቡር ለሦስት ሰዓት ያህል ተቸነከረ። ያለው ሠራተኛ ሾፌሩ ብቻ ነው። አየር አጥሯቸው ተሳፋሪዎች በሮቹን በራሳቸው ከፍተው ወደ ሐዲዱ ወረዱ፤ ባቡሩም በመጨረሻ ሲነቃነቅ በር እንደተከፈተ ነበር። በማርች 2018 ደግሞ በበረዶው ሰሞን ሉዊሻም አካባቢ ባቡሮች ለሰዓታት ቆመው ሰዎች በጨለማ ወረዱ፤ ከእግራቸው አጠገብ 750 ቮልት የተሸከመ ሐዲድ ነበር። ያም መስመር ሾፌር ብቻውን የሚያሠራበት ነው። ሰው የሚወርደው ባለጌ ስለሆነ አይደለም። የሚያነጋግረው፣ «ትንሽ ታገሡ፣ ይህ ይህ ሆኗል» የሚለው ሰው ስላጣ ነው።

በኦገስት 2020 ስኮትላንድ ውስጥ ካርሞንት በተባለ ስፍራ ባቡር ከሐዲድ ወጥቶ ሦስት ሰዎች ሞቱ፤ ሾፌሩ፣ የባቡሩ ጋርድና አንድ ተሳፋሪ። በዚያው ባቡር ላይ ሥራ ላይ ሳይሆኑ እንደ ተሳፋሪ ይጓዙ የነበሩ ሌላ የባቡር ሠራተኛ ቆስለው ሳለ በሐዲዱ ላይ በእግራቸው ሄደው አደጋውን አስታወቁ። ማንም አላዘዛቸውም፤ ሥልጠናው ግን በውስጣቸው ነበር። በኖቬምበር 2025 ወደ ለንደን በሚመጣ ባቡር ላይ በሃንቲንግደን አቅራቢያ አንድ ሰው በቢላ ብዙዎችን ሲወጋ፣ ተሳፋሪዎችን ለመከላከል የገባ የባቡሩ ሠራተኛ በጽኑ ቆሰለ። እሱ ጋርድ አልነበረም፤ የመስተንግዶ ሠራተኛ ነው። ግን እዚያ ነበር። እኛ፣ መልካችንና አለባበሳችን በሌሊት ባቡር ላይ ዓይን የሚያስገባን ሰዎች፣ «እዚያ ነበር» የሚለውን ቃል ከማንም በላይ እንረዳዋለን። ከሌሊት ሥራ ሻሽ አስራ የምትመለስ እህቴ በባዶ ፉርጎ ውስጥ ሰካራም ሲጮኽባት የምትመኘው ካሜራ አይደለም።

አሁን ወደ አድማው ልምጣ። ብዙዎቻችን የምናስታውሰው ከለንደን ወደ ብራይተን በሚወስደው በሳውዘርን መስመር የተነሣውን ነው። በ2016 መጀመሪያ አንድ የትራንስፖርት ሚኒስቴር ከፍተኛ ኃላፊ ክሮይደን ላይ በተደረገ ሕዝባዊ ስብሰባ ከባቡር ሠራተኞች ጋር ጠብ እንደሚመጣ፣ ያልተስማማውም ዘርፉን ለቅቆ መሄድ እንዳለበት ተናገሩ፤ ኋላ ይቅርታ ቢጠይቁም ቃሉ ወጥቶ ነበር። በኤፕሪል 26 ቀን አርኤምቲ የተባለው ማኅበር ጋርዶቹን ይዞ ሥራ አቆመ። ድርጅቱ በጁላይ በቀን 341 ባቡር ከመርሐ ግብሩ ሰረዘ። በዲሴምበር የሾፌሮቹ ማኅበር አስሌፍ ሲጨመርበት መስመሩ ለቀናት ጭራሹን ቆመ። ሾፌሮቹ የቀረበላቸውን ስምምነት ሁለት ጊዜ በድምፅ ጣሉት፤ በኖቬምበር 2017 በአምስት ዓመት የ28.5 በመቶ የደመወዝ ጭማሪ ያለበትን ተቀበሉ። የጋርዶቹ አድማ ከዚያም በኋላ ቀጠለ።

በዚህ ሁሉ መካከል አንድ የማይወራ ነገር ነበር። በዚያ መስመር ውል መሠረት የቲኬቱ ገቢ የሚገባው ለመንግሥት ነው፤ ድርጅቱ የሚቀበለው የአስተዳደር ክፍያ ነው። ስለዚህ ባቡር ሲቆም የቲኬት ገቢ የሚያጣው የሕዝብ ካዝና ነው፤ ደመወዝ የሚያጣው ጋርዱና በሰዓት የምንከፈለው እኛ ነን። ተጎጂው ከተጎጂ ጋር ፊት ለፊት ቆሞ ሲሰዳደብ ሌላው ወገን እስክንደክም ቢጠብቅ የሚቸኩልበት ምክንያት አልነበረውም።

ከስምምነቱም ላይ አንዲት ሐረግ ልብ በሉልኝ። ሁለተኛው ሠራተኛ በባቡሩ ላይ ይኖራል፣ «ከልዩ ሁኔታ በስተቀር» ይላል። ልዩ ሁኔታው ሠራተኛ ሲዘገይ ወይም ሲቀር ባቡሩ ያለ እሱ እንዲሄድ የሚፈቅድ ነው። ይህ ደግሞ ለተሳፋሪ የሚጠቅም ይመስላል፤ ባቡር ከሚሰረዝ ቢሄድ ይሻላል እንላለን። ግን ዊልቸር ላይ ተቀምጣችሁ፣ ማንም ሠራተኛ በሌለበት ጣቢያ ላይ ያንን ባቡር ጠብቁት። መወጣጫውን ከባቡሩ አውጥቶ የሚዘረጋላችሁ የለም። በ2018 የዚያው መስመር ድርጅት ለሠራተኞቹ ባዘጋጀው መመሪያ ላይ ባቡሩን የሚያዘገይ ከሆነ እንዲህ ያለውን ተሳፋሪ ለማሳፈር አትሞክሩ የሚል ቃል ተገኝቶ አገር ጉድ ብሏል። እኔ ከምንከባከባቸው አረጋውያን መካከል ልጃቸውን ለማየት ባቡር መሳፈር ያቆሙ አሉ። የሚቀበላቸው ሰው ስለመኖሩ እርግጠኛ ሆነው መነሣት አልቻሉም።

«ታዲያ ለምን ሥራ ያቆማሉ? ቲኬት ሳይጠይቁ ቢያሳፍሩን ድርጅቱ ይጎዳ ነበር፤ እኛ አንጎዳም» የሚል ጥያቄ በዚያ ቡና ላይ ተነሥቶ ነበር። ደግ ሐሳብ ነው። ነገር ግን በዚህ አገር ሕግ ሠራተኛ ከሥራው ከፊሉን ብቻ ሠርቶ ከፊሉን ቢተው አሠሪው የቀኑን ደመወዝ በሙሉ ሊከለክለው ይችላል። ሙሉ ቀን በነፃ ሠርቶ ማደር ማለት ነው። ሥራ ለማቆምም ቢሆን ሜዳው ክፍት አይደለም። የ2016ቱ የሠራተኛ ማኅበራት ሕግ ከአባላቱ ግማሹ ድምፅ ካልሰጠ፣ እንደ ባቡር ባለ አገልግሎት ደግሞ ከመራጩ ሁሉ 40 በመቶው አዎ ካላለ አድማ የለም አለ፤ ይህ የ40 በመቶ ደንብ በ2026 መጀመሪያ ቀርቷል። በ2023 ሌላ ሕግ ወጥቶ በአድማ ቀን 40 በመቶው ባቡር እንዲሄድ ሠራተኛን ማስገደድ የሚቻልበትን መንገድ ከፈተ፤ ያ ሕግ በ2025 መጨረሻ ተሽሯል። እንዲህ ያለው ትግል በባቡር ሠራተኞች ዘንድ የቆየ ነው። በ1900 ደቡብ ዌልስ ውስጥ በታፍ ቬል የባቡር መስመር አድማ ተደርጎ፣ በማግሥቱ ዓመት የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ማኅበሩ ለኩባንያው ካሣ ሊጠየቅ ይችላል ብሎ ፈረደ፤ ማኅበሩም ኋላ 23,000 ፓውንድ ካሣ ከፈለ። በ1906 ያንን ፍርድ የሻረ ሕግ ባይወጣ ኖሮ ዛሬ ነርሶችም፣ መምህራንም፣ እኛም ለመብታችን ሥራ ማቆም ባልቻልን ነበር።

የአገራችንም ሰው ይህን አያጣውም። የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር በየካቲት 1966 ዓ.ም. መጨረሻ ጠቅላላ የሥራ ማቆም አድማ በጠራ ጊዜ አባቶቻችን ጠግበው አልነበረም። እኔ ድሬዳዋ ተወልጄ በምድር ባቡር ፊሽካ ሰዓት እየቆጠርሁ ያደግሁ ነኝ። በጥር 1977 ዓ.ም. አዋሽ አጠገብ ባቡሩ ከሐዲድ ወጥቶ ወደ ገደል ሲወድቅ ከ400 በላይ ሰው አልቋል። ልጅ ነበርሁ፤ የማስታውሰው የሰፈራችንን ድንኳኖች ነው፣ በአንድ መንገድ ላይ ብዙ ድንኳን። ባቡር ለእኔ ከዚያ ወዲህ ሰው በሰው እጅ ነፍሱን የሚያስረክብበት ነገር ነው። ስለዚህ ስለ ወጪ ሲወራ ስሰማ ቶሎ አይገባኝም።

እውነቱን ለመናገር ከአድማው ጀርባ ያለው ከደኅንነት ሌላ ነገርም ነው፤ አልደብቃችሁም። ያለ ጋርድ ደወል የማይነሣ ባቡር ጋርዶች ሲያድሙ ይቆማል። ያለ ጋርድ የሚነሣ ባቡር ግን አይቆምም። አሠሪዎቹ በሩን ለሾፌር መስጠት የሚፈልጉበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ ማኅበሩም በሩን የሙጥኝ የሚልበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ማኅበሩ ይህን በግልጽ ቢናገር እመርጣለሁ። ለእኔ ግን ይህ ክርክሩን አያሳንሰውም። ጋርዱን ከባቡሩ ላይ ያላስወረደው ያ ኃይል ነውና። በ2018 ግሬተር አንግሊያ የተባለው የባቡር ድርጅት ጋርዶቹን በባቡሮቹ ላይ ለማቆየት ተስማማ። በሊቨርፑል ከተማዋ ያለ ጋርድ ልታሠራቸው ያዘዘቻቸው 52 አዳዲስ ባቡሮች ጋርድ እንዲኖራቸው ተወሰነ። በ2019 መጀመሪያ ኖርዘርን የተባለውም ድርጅት ከረጅም ጊዜ አድማ በኋላ ተስማማ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር በሳውዝ ዌስተርን መስመር 27 ቀን የፈጀ አድማ ተደረገ፤ በገና ሰሞን የአንድ ወር ያህል ደመወዝ ያጣ ሰው ጠግቦ ነው ማለት ይከብደኛል። በጁን 2022 ደግሞ 40,000 ያህል የአርኤምቲ አባላት በመላ አገሪቱ ሥራ ሲያቆሙ፣ በዓመቱ መጨረሻ ለደመወዝ ጭማሪው ከተጠየቁት ዋጋዎች አንዱ ይኸው ያለ ጋርድ የመንዳት ነገር ነበር። በኖቬምበር 2023 የደመወዙ ክርክር ሲያልቅ ይህ ጥያቄ አላለቀም።

ለማኅበራቱም የምለው አለኝ፤ ከእኛ መካከል አባል የሆናችሁ አድርሱልኝ። በሰዓት የሚከፈለውን ተሳፋሪ ረስታችሁታል። ከጣቢያ በር ላይ በአድማ ቀን ስትቆሙ በእጃችሁ የምትሰጡት ወረቀት ለሚያውቅ ሰው የተጻፈ ነው። «በሩን ማን ይዝጋ» የሚለውን ሁሉም ይረዳዋል፤ የመሥሪያ ቤት ምህጻረ ቃል ግን ማንም አይረዳውም። እኔ ከዚያ ወጣት ጋርድ ይልቅ ስለ ጋርድ ያስተማረኝ ሰው የለም፤ ያስተማረችኝም በአጋጣሚ ነው። ደግሞም የጽዳት ሠራተኞቹን አትርሱ። በ2022 መጀመሪያ በተቋራጭ የተቀጠሩ የባቡር ጽዳት ሠራተኞች ሲታመሙ ደመወዝ እንዲከፈላቸው ጠይቀው ሲያድሙ ያ አድማ የጋርዶቹ አድማ ያገኘውን ያህል ወሬ አላገኘም። መጥረጊያ የያዙት እጆች የስደተኛ እጆች ናቸው፤ የእኛም አሉበት።

ይህን ሁሉ አሁን የምጽፈው ጊዜው ስለሆነ ነው። በ2024 በወጣው ሕግ መሠረት የባቡር ድርጅቶቹ ኮንትራታቸው ባለቀ ቁጥር ወደ መንግሥት እየተመለሱ ነው። ሳውዝ ዌስተርን በሜይ 2025 የመጀመሪያው ሆነ፤ ሲቱሲ በጁላይ፣ ግሬተር አንግሊያ በኦክቶበር ተከተሉ። ሁሉንም የሚያስተዳድር አንድ ታላቅ የባቡር መሥሪያ ቤት እየተቋቋመ ነው። ከእንግዲህ «ድርጅቱ ነው፣ እኛ አይደለንም» የሚል ሚኒስትር አይኖርም። አዲሱ መሥሪያ ቤት ደንቡን ሲጽፍ፣ በእያንዳንዱ ባቡር ላይ ከሾፌሩ ሌላ በደኅንነት ሥራ የሠለጠነ ሰው እንዲኖር፣ «ከልዩ ሁኔታ በስተቀር» የሚለው ቃልም ልዩ ሁኔታው ምን እንደሆነ አንድ በአንድ ተዘርዝሮ እንዲታሰር ተሳፋሪው ራሱ መጠየቅ አለበት። ሠራተኞቹ ብቻ ሲጠይቁት «ለእንጀራቸው ነው» ይባላል። እኛ ስንጠይቀው ግን ምን ሊባል ነው?

ለአካባቢያችሁ የፓርላማ ተመራጭ ለመጻፍ ዜግነት አያስፈልግም፤ እዚያ መኖር ብቻ ይበቃል። አድራሻችሁን በደብዳቤው ላይ ማስፈራችሁን ብቻ አትርሱ፤ ካላሰፈራችሁ መልስ አይሰጧችሁም። ረጅም መጻፍ አያስፈልጋችሁም። የምትሳፈሩበትን መስመር፣ በስንት ሰዓት እንደምትሳፈሩ፣ ማታ ስትመለሱ ጣቢያችሁ ላይ ሠራተኛ ይኑር አይኑር፣ ከቤታችሁ ዊልቸር ወይም ምርኩዝ የሚይዝ ሰው ካለ እሱን ጻፉ። የደረሰባችሁ ነገር ካለ እሱንም ጨምሩበት።

እንግሊዝኛው የሚያስቸግራችሁ ካላችሁ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ፣ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ደግሞ በማኅበረሰባችን ጽሕፈት ቤት ወረቀትና እስክርቢቶ ይዤ እቀመጣለሁ። እናንተ በአማርኛ ንገሩኝ፤ እኔ እጽፍላችኋለሁ። ያ ወንድማችንም ይምጣ። እሱ ከሌሊት ሥራ የሚመለስበት የመጨረሻው ባቡር ላይ ከሾፌሩ በቀር ማንም እንደሌለ አውቃለሁና የእሱን ደብዳቤ አስቀድሜ ልጽፍለት እፈልጋለሁ።

አክባሪ እህታችሁ
ለንደን